የብሔራዊ ባንክን መግለጫ ቱሉ ዲምቱ ሆኖ ለማንበብ

«የፖሊሲ ወለድ ምጣኔው ባለበት በ15 በመቶ እንዲቀጥል ተወስኗል።» ይህችን ዜና ሰምታችሁ ቻናል ቀይራችሁ ከሆነ አልፈርድባችሁም። ምንም ያልተፈጠረ ነው የምትመስለው፤ ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች የሚቆርጠው መነሻ ወለድ አልተነካም፣ በቃ። እዚህ አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ግን ገሚሱ ሰው ቤት እየጨረሰ ነው፣ ገሚሱ ለሚጨርሰው ሰው ዕቃ ይሸጣል፣ የቀረው የኮንዶሚኒየም ዕዳ ይከፍላል። ብድሩ፣ ቁጠባው፣ ዕቁቡ፣ ፌሮው፣ ሁሉም ከዚያች አሰልቺ መግለጫ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ መግለጫው ሲወጣ የቱ ጋ ማየት እንዳለብን፣ የቱን መዝለል እንደምንችልና ለራሳችን ኪስ እንዴት እንደምናሰላው ልጻፍላችሁ። የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

ባንኩ ምን ይችላል፣ ምን አይችልም?

ብሔራዊ ባንክ የሽንኩርት ዋጋ አይተምንም። ግልጽ ነገር ይመስላል፤ ታክሲ ውስጥ የሚነሳው ክርክር ሁሉ የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነው። «ባንኩ ምን እየሠራ ነው፣ ሽንኩርት እንዲህ ሲወደድ?» ይባላል። ማዕከላዊ ባንክ በዋናነት የሚነካው ሁለት ነገር ነው፤ ብር ለመበደር የሚከፈለውን ዋጋ፣ ማለትም ወለድን፣ እና ገበያው ውስጥ የሚዞረውን የብር መጠን። ብድር ረክሶ ሁሉም እየተበደረ ሲገዛና ሲገነባ፣ ዕቃው ደግሞ በዚያው ልክ ካልጨመረ፣ ዋጋ ይወጣል። ያኔ ባንኩ ወለድ ይጨምራል ወይም ብድር ያጠብቃል። ተበዳሪው ይቀንሳል፣ ገዢው ቆም ብሎ ያስባል፣ ሻጩም እንዳሻው መጨመር ያቅተዋል። በተቃራኒው ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ድርጅቶች ሰው ሲያሰናብቱ፣ ርካሽ ብድር እንኳን ወሳጅ ሲያጣ፣ ማለትም ኢኮኖሚው ወደ ድቀት ሲያዘነብል፣ ወለድ ይቀንሳል፣ ገንዘብ ይለቀቃል።

ዝናብ ሲቀር፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ነዳጅ በዓለም ገበያ ሲወደድ ግን ሌላ ነው። ወለድ ጨምሮ ጤፍ ማብቀል አይቻልም። ያን ጊዜ ባንኩ ማድረግ የሚችለው የመጀመሪያው ጭማሪ ሌላ ጭማሪ እንዳይወልድ መከላከል ብቻ ነው፤ ነጋዴው «መጨመሩ ላይቀር» ብሎ ከወዲሁ ዋጋ እንዳይሰቅል። ስለዚህ መግለጫ በሰማችሁ ቁጥር መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፤ አሁን ያለው የዋጋ ንረት የመጣው ከብር መብዛት ነው ወይስ ከዕቃ መጥፋት? አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አሉበት። የትኛው እንደሚያመዝን ካወቃችሁ ግን ከባንኩ ምን ያህል መጠበቅ እንዳለባችሁም ታውቃላችሁ።

ወለዱን ተዉት፣ የብድር ጣሪያውን እዩ

ሌላ አገር ትልቁ ዜና ወለዱ ነው። የአሜሪካው ፌዴራል ሪዘርቭ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 እስከ ሐምሌ 2023 ድረስ ወለዱን ከዜሮ አካባቢ አንስቶ ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ አደረሰው፤ የቤት ብድር የሚወስደው አሜሪካዊ ወዲያው ተሰማው። እዚያ ባንኮች እርስ በርስ በየቀኑ ስለሚበዳደሩ ማዕከላዊ ባንኩ አንዱን ጫፍ ሲጎትተው ሌላው ጫፍ ይንቀሳቀሳል።

እኛ ጋ የፖሊሲ ወለድ የሚባለው ነገር ራሱ ገና አዲስ ነው። ብሔራዊ ባንክ የጀመረው በሐምሌ 2016 ነው፤ መነሻው 15 በመቶ። ከላይና ከታች 3፣ 3 መቶኛ ነጥብ አለው። ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ባንክ ከብሔራዊ ባንክ በ18 በመቶ ይበደራል፣ የተረፈው ደግሞ በ12 ያስቀምጣል። ሐሳቡ ባንኮች በመካከል እርስ በርስ እንዲገበያዩ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ባንኮች የሚበዳደሩበት ዘመናዊ ገበያ የተከፈተው በ2017 ነው፤ ያ ወለድ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተነስቶ እኛ ሰፈር ያለው ቅርንጫፍ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል።

እስከዚያው የሚሠራው ጣሪያው ነው። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የእያንዳንዱ ባንክ ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። በታኅሣሥ 2017 የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበሰብ ገደቡ ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። በመስከረም 2018 ደግሞ 24 በመቶ ሆነ። ወለዱ ግን ከተጀመረበት ከሐምሌ 2016 እስከዚያ ድረስ 15 ላይ እንደቆመ ነበር። ቴሌቪዥኑ «ለውጥ የለም» ሲላችሁ ባንኮች ሊያበድሩ የሚችሉት መጠን በደንብ ተቀይሯል ማለት ነው። ወለድ መጨመር የውሃ ታሪፍ እንደመጨመር ነው፤ ተወደደም ያለው ይቀዳል። ጣሪያ ግን ውሃውን በፈረቃ እንደማድረግ ነው፤ ገንዘብ ቢኖርህም ተራህ ካልደረሰ ባዶ ጀሪካን ይዘህ ትቆማለህ።

ብሎኬት የሚያመርት ጎረቤት አለኝ። ካርታውን አስይዞ፣ ንብረቱ ተገምቶለት፣ ንግድ ፈቃዱ ታድሶ፣ ግብሩ ተከፍሎ፣ ሰነዱ ሁሉ ተሟልቶ የሥራ ማስኬጃ ብድር ጠየቀ። ኃላፊው ምን አለው መሰላችሁ? «ያንተ ፋይል ችግር የለበትም፤ ጣሪያችን ሞልቶ ነው፤ ቀጣዩን ሩብ ዓመት ጠብቅ።» ወለዱ ስንት እንደሆነ እንኳን አልተነጋገሩም። እሱ ሃያም ቢሉት ይወስድ ነበር፤ ምክንያቱም ክረምቱ ሳይገባ አሸዋና ሲሚንቶ መግዛት ነበረበት። ጠበቀ። እስከዚያው ሦስት ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ አንዱ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። የገንዘብ ፖሊሲ እኛ ሰፈር ሲደርስ ይህን ይመስላል። መጽሐፍ ላይ «የተጠቃለለ ፍላጎት ቀነሰ» ብለው ይጽፉታል።

እኔ በበኩሌ ጣሪያውን አልወደውም። ጥሩውንም መጥፎውንም ተበዳሪ በእኩል ይቀጣል፤ ባንክም ያለችውን ኮታ ለትልልቅ ደንበኞቹ ያደላል፣ ትንሹ ሰው ወደ ኋላ ይቀራል። ግን ሐቁን እንናገር፤ በ2014 ዓመታዊ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፣ በ2017 መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። ጣሪያው ለብቻው ያመጣው ባይሆንም ድርሻ አለው።

ስለዚህ መግለጫው ሲወጣ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ የብድር ዕድገት ጣሪያውን ፈልጉ፤ ከፍ ካለ ቅርንጫፎች ለተወሰነ ጊዜ እጃቸው ይፈታል፣ ማመልከቻ ያላችሁ ያኔ ነው መሮጥ። ጣሪያው ጨርሶ ተነሳ ከተባለ ደግሞ ያን ጊዜ ወለዱ እውነተኛ ዜና ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሌላው አገር 15ቱን እየተከታተላችሁ ኑሩ።

ቀጥላችሁ መንግሥት ከየት እየተበደረ እንደሆነ እዩ። ይህችን ብዙ ሰው ይዘላታል። መንግሥት የበጀት ጉድለቱን በቀጥታ ከብሔራዊ ባንክ ተበድሮ ከሸፈነ፣ ያ በቀጥታ አዲስ ብር መልቀቅ ነው፤ ብዙ ዓመት ንረቱን ሲያቀጣጥል የኖረው አንዱ እሱ ነው። ከዚሁ ከነሐሴ 2015 ውሳኔ ጋር ይህ ቀጥታ ብድር ካለፈው ዓመት ከሲሶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ጉድለቱ በአብዛኛው የሚሸፈነው በግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ ነው፤ ማለትም ቀድሞ ከተቀመጠ ገንዘብ ላይ ይበደራል። መግለጫው ላይ ቀጥታ ብድር ተመልሶ ከመጣ ግን፣ ወለዱ 15 ሆነ 25፣ ንረት ይመጣል ብላችሁ ተዘጋጁ።

ሦስተኛው ምንዛሪው ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ሴራሚክ፣ የመብራት ገመድ፣ ጥሬ ዕቃው ወይም ራሱ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ይህንን ይከተላል። አሸዋና ድንጋይ ብዙም አይከተልም፤ እሱ የሚከተለው የጭነት ዋጋን፣ ማለትም ነዳጅን ነው። ቤት የምትጨርሱ ሰዎች የቀራችሁን ዕቃ በሁለት ዝርዝር ክፈሉት፤ ዶላር የሚከተለውና የማይከተለው። ምንዛሪው ሲንቀሳቀስ የሚያሳስባችሁ የመጀመሪያው ዝርዝር ብቻ ነው።

ንረት ቀነሰ ማለት ረከሰ ማለት አይደለም

ይህችን ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ለስንቱ እንዳስረዳሁ! የስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው ቁጥር ፍጥነትን ነው የሚናገረው። 100 ብር የነበረ ዕቃ 30 በመቶ ጨምሮ 130 ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ንረቱ ወደ 14 «ወረደ»፤ ዕቃው 148 ብር ሆነ። በሦስተኛው ዓመት 10 ሆነ፣ እልል ተባለ፤ ዕቃው 163 ገባ። ዋጋ አንድም ቀን አልወረደም። ባንኩም ዋጋ ወደ ድሮው እንዲመለስ አይፈልግም፤ ዋጋ በጠቅላላው ሲወርድ ሰው «ነገ ይረክሳል» ብሎ መግዛት ያቆማል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ድቀት ይመጣል። አሜሪካና አውሮፓ ግባቸው ዜሮ ሳይሆን 2 በመቶ የሆነው ለዚህ ነው። የእኛ ባንክ ግብ ደግሞ ለጊዜው ነጠላ አኃዝ ነው።

ቁጥሩን ስታዩ ደግሞ ምግብና ምግብ ነክ ያልሆነውን ለዩ። በእኛ አገር የዋጋ ቅርጫት፣ ማለትም ንረት በሚለካበት የዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ምግብ ከግማሽ በላይ ድርሻ ስላለው አንድ ጥሩ የመኸር ምርት ጠቅላላውን ቁጥር ሊያወርደው ይችላል። ምግብ ነክ ያልሆነው ካልወረደ ግን ባንኩ ቶሎ አይላላም፤ እናንተም «ንረት ቀነሰ፣ ብድር ሊለቁ ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ።

አሁን ካልኩሌተሩን አውጡ

ብድር ያለባችሁ ሰዎች በወረቀቱ ላይ ያለውን ወለድ ብቻ አትዩ፤ ንረቱን ቀንሱበት። ብሎኬት እናስላ። አንዱ ብሎኬት 40 ብር ነው እንበል። 400 ሺህ ብር በ18 በመቶ ተበደራችሁ፤ በዚያ ቀን ዋጋ 10 ሺህ ብሎኬት ማለት ነው። ከዓመት በኋላ 472 ሺህ ትመልሳላችሁ። በዓመቱ ብሎኬት 30 በመቶ ጨምሮ 52 ብር ከገባ፣ የመለሳችሁት 9,077 ብሎኬት ገደማ ነው። ተበድራችሁ አተረፋችሁ! 10 በመቶ ብቻ ጨምሮ 44 ብር ከሆነ ግን 10,727 ገደማ ብሎኬት ነው የምትመልሱት። ወለዱ ያው 18 ነው፤ ዕዳው ግን ከበደ።

ለዚህ ነው «ወለድ አልተነካም» የሚለው ዜና አሳሳች የሚሆነው። ንረት እየወረደ ወለድ ባለበት ከቆመ ፖሊሲው በዝምታ እየጠነከረ ነው። 15 በመቶ ወለድ ንረቱ 30 ሲሆን ነፃ ገንዘብ ነው፤ ንረቱ 10 ሲሆን 5 በመቶ እውነተኛ ዋጋ አለው። በ2014 በብድር መኪና ገዝቶ የከበረ ዘመድ ካላችሁ ብልጠቱን አድንቁለት፤ ያኔ የሠራው ስሌት ዛሬም ይሠራል ብሎ ሲመክራችሁ ግን አመስግናችሁ እለፉት። ውላችሁንም አውጥታችሁ እዩ፤ ባንኩ ወለዱን በየጊዜው መቀየር ይችላል የሚል አንቀጽ ካለ በጀታችሁን ስታወጡ ሁለትና ሦስት መቶኛ ነጥብ ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ያን ጊዜም መክፈል ካቃታችሁ የብድሩን መጠን ቀንሱ።

ቁጠባው ያሳዝናል። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ወደ 7 በመቶ ከፍ ያለ ነው። 100 ሺህ ብር በ7 በመቶ ዓመቱን ሲጨርስ 107 ሺህ ይሆናል። ንረቱ 14 ከሆነ ግን ያኔ በ100 ሺህ ትገዙት የነበረው ዕቃ 114 ሺህ ገብቷል። 7 ሺህ ብር ማንም ሳይነካችሁ ሄደ። ስለዚህ ተራ ደብተር ላይ የሚቀመጠው ለድንገተኛ ጉዳይ የሚሆነው ይሁን፤ የቀረውን በጊዜ ገደብ ስለሚቀመጥ ሒሳብ ጠይቁ፣ ወለዱንም ተደራደሩ። አዎ፣ መደራደር ይቻላል፤ በተለይ ባንኮች ጥሬ ገንዘብ ባጠራቸው ሰሞን፣ ከፍ ያለ ገንዘብ ለያዘ ሰው ከማስታወቂያው በላይ ይሰጣሉ።

ዕቁብም ከዚህ አያመልጥም። 12 ሰው፣ በወር 10 ሺህ፣ ዕጣው 120 ሺህ። በ14 በመቶ ንረት መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው 120 ሺህ ይዞ የሚገዛው ዕቃ መጀመሪያ ላይ በ105 ሺህ ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ለዚያ ነው ንረት በናረ ጊዜ የመጀመሪያ ዕጣ ለማግኘት ሰው ጉርሻ ጨምሮ ዕጣ የሚገዛው። ንረቱ ሲወርድ ልዩነቱ ይጠባል። የዕቁብ ዳኛ ከሆናችሁ የዕጣ መግዣውን በድሮው ልክ እንዳትተዉት።

ፍሬኑ ሲበዛ፣ ሲላላም

ንረትን መግደል ሥራን ሊገድል ይችላል። ከባዱ ነገር እዚህ ጋ ነው። ፖል ቮልከር እ.ኤ.አ. በ1979 የፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀመንበር ሲሆን የአሜሪካ ንረት ሁለት አኃዝ ገብቶ ነበር። ወለዱን 20 በመቶ አካባቢ አደረሰው። ንረቱ በ1983 ከ4 በመቶ በታች ወረደ። ግን በመካከሉ በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነት 10.8 በመቶ ደረሰ። ቤት ሠሪዎች ተናደው የጣውላ ቁራጭ በፖስታ ይልኩለት ነበር፤ ቤት የሚገዛ ስለጠፋ «አንተ ውሰደው» ለማለት። ብሎኬት በፖስታ ስለማይላክ ነው እንጂ ጎረቤቴም ሐሳቡን ወዶታል።

ቱርክ ተቃራኒውን ሞከረች። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ንረቱ እየወጣ ወለዱን ቀነሰች፤ በጥቅምት 2022 ንረቱ 85 በመቶ ደረሰ፣ በመጨረሻም በመጋቢት 2024 ወለዱን 50 በመቶ ላይ ለመስቀል ተገደደች (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። መጀመሪያ የሸሹትን መድኃኒት በእጥፍ ዋጡት።

ድቀት ሲመጣ መሣሪያው ወደ ሌላው አቅጣጫ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ ፌዴራል ሪዘርቭ ወለዱን ዜሮ አካባቢ አውርዶ አልበቃ ሲለው ቦንድ እየገዛ ገንዘብ ወደ ባንኮች ለቀቀ። እኛም ዘንድ በኮሮና ጊዜ፣ በ2012፣ ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር ለቆ ነበር፤ ደንበኞቻቸውን እንዳያንቁ። እንዲህ ዓይነት መለቀቅ ስታዩ ብድራችሁ የሚራዘምበትን ወይም የሚሻሻልበትን ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጠይቆ ያልመጣውን ሰው ባንክ አስታውሶ አይጠራም።

መቀዝቀዙን ከመግለጫው በፊት ሰፈር ውስጥ ማየት ይቻላል። የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች በዱቤ ልስጥህ ማለት ሲጀምሩ፣ ሲኖትራኮች አሸዋ ጭነው መንገድ ዳር ገዢ ሲጠብቁ ሲውሉ፣ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት የለጠፈው ሱቅ ሲበዛ። እነዚህ ምልክቶች ካሉና ንረቱም እየወረደ ከሆነ ባንኩ ለመላላት ምክንያት አለው። ቀዝቅዞም ንረቱ ካልወረደ ግን ባንኩ ሁለት እሳት መካከል ነው፤ ያን ጊዜ ከባንኩ እርዳታ አትጠብቁ፣ ዕዳ ቀንሱ፣ ዱቤ አሳጥሩ።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። አንድ ውሳኔ ዋጋ ላይ በደንብ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። መግለጫው በወጣ ማግሥት ፌሮ ጨመረ ብሎ የነገራችሁ ነጋዴ ከፖሊሲው ሳይሆን ከእናንተ ፍርሃት ነው የጨመረው፤ ሌላ ሱቅ ጠይቁ።

የብሔራዊ ባንክ የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ የሚሰበሰበው በየሦስት ወሩ ነው። መግለጫው ሲወጣ የማኅበራዊ ሚዲያውን ማጠቃለያ ትታችሁ ከባንኩ ገጽ ላይ ራሱን አንብቡት፤ ረጅም አይደለም። ብድር ልትጠይቁ ካሰባችሁ በዚያው ሳምንት ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ኃላፊውን ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የዚህ ሩብ ዓመት የብድር ኮታችሁ ምን ያህል ቀርቷል? የእኔ ፋይል ዛሬ ቢገባ ገንዘቡ የሚለቀቀው በየትኛው ሩብ ዓመት ነው? ለሁለተኛው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኛችሁ ለአሸዋውም ለሲሚንቶውም ቀብድ አትክፈሉ።